ለትንሿ ሚሊንግ ማሽን የትኛው ስቴፐር ሞተር ይበጃል?

የማስተማሪያ መርጃ ክበባችን በኮምፒዩተር የምትታዘዝ አንዲት ትንሽ ሚሊንግ ማሽን ለመሥራት መነሣቱን ይህን ግድግዳ የሚያነብ ሁሉ ሳይሰማ አልቀረም። ማሽኗ ከፕላይውድና ከፕላስቲክ የማዕዘን መለኪያዎችን፣ የክፍልፋይ ማስተማሪያ ክቦችን፣ የካርታ ቅርጾችንና የመሳሰሉትን እንድትቆርጥ ነው የታሰበው። ጠረጴዛዋ 300 በ180 ሚሊ ሜትር የሚሆን ሥራ ይይዛል፤ ይኸውም በገበያ «3018» እየተባሉ ከሚጠሩት ትንንሽ ማሽኖች ጋር እኩል ነው። ብረቱ ተገኝቷል፣ ባለጥርስ ዘንጎቹም አሉ። ክርክሩ የቀረው በሞተሮቹ ላይ ነው። ከፊሎቻችን «ትልቁን እንግዛ፣ ጉልበት ሲበዛ አይጎዳም» እንላለን፤ ከፊሎቻችን ደግሞ «ከአሮጌ ፕሪንተር ነቅለን እንሥራ፣ ገንዘቡ ለሌላ ይትረፍ» እንላለን። የክበቡ ሣጥን ግን አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገዛ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ነገሩን ከሥሩ ብናየው ይሻላል።

ለመሆኑ ስቴፐር ሞተር ምንድነው? ተራ ሞተር፣ ለምሳሌ በአሻንጉሊት መኪና ውስጥ ያለው፣ ባትሪ ሲሰጡት ዝም ብሎ ይሽከረከራል፤ ስንት ዙር እንደዞረም ሆነ የት ላይ እንደቆመ አይታወቅም። ስቴፐር ሞተር ግን የሚሄደው በእርምጃ ነው። በውስጡ ሮተር የሚባል ተሽከርካሪ ክፍል አለ፤ እሱም ቋሚ ማግኔት ያለውና በዙሪያው 50 ጥቃቅን ጥርሶች የተቆረጡለት ነው። ሮተሩን ከብበው የሚገኙት ደግሞ በሁለት ቡድን የተከፈሉ ጥቅልል ሽቦዎች ናቸው። የአንደኛውን ቡድን የከረንት አቅጣጫ ብንገለብጥ ሮተሩ አንድ እርምጃ ይሄዳል፤ ቀጥሎ የሁለተኛውን ብንገለብጥ ሌላ እርምጃ፤ እንደገና አንደኛውን፣ እንደገና ሁለተኛውን ስንመልስ አራት እርምጃ ሞላ፣ ሮተሩም አንድ ጥርስ ያህል ዞረ ማለት ነው። 50 ጥርስ በአራት ሲባዛ 200 ይሆናል። ስለዚህ ሙሉው ዙር 200 እርምጃ፣ አንዱ እርምጃ ደግሞ 1.8 ዲግሪ ነው። ኮምፒዩተሩ «1000 እርምጃ ሂድ» ቢለው ልክ አምስት ዙር ይዞርና እዚያው ላይ ቀጥ ይላል።

ውበቱም ጣጣውም ያለው እዚሁ ላይ ነው። ኮምፒዩተሩ ሞተሩ የት እንደደረሰ አያይም፤ የሰጠውን ትእዛዝ ብቻ ነው የሚቆጥረው። መብራት በጠፋበት ሌሊት ከአልጋው ተነሥቶ እርምጃውን እየቆጠረ ወደ በር የሚሄድ ሰው አስቡ። ቆጠራው ልክ እስከሆነ ድረስ በሩን ያገኘዋል። መሐል ላይ አንድ ሰው ገፋ ቢያደርገውና እሱ መቁጠሩን ቢቀጥል ግን የሚጋጨው ከግድግዳው ነው። ሞተሩም እንደዚያው ነው። የመቁረጫው ሸክም ከጉልበቱ ሲበልጥበት ይንሸራተታል፤ ኮምፒዩተሩም ምንም ሳይሰማ ቆጠራውን ይቀጥላል።

ሲንሸራተት ደግሞ በአንዲት እርምጃ አይደለም። ሮተሩ ካመለጠ ቀጥሎ የሚመቸውን ቦታ የሚያገኘው አንድ ሙሉ ጥርስ ዘሎ፣ ማለትም አራት እርምጃ ርቆ ነው። የኛ ባለጥርስ ዘንግ በአንድ ዙር 4 ሚሊ ሜትር ስለሚገፋ አንድ ዝላይ 0.08 ሚሊ ሜትር ይሆናል። «ይቺማ ምን አላት?» ትሉ ይሆናል። አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን እውነታችሁን ነው። ነገር ግን ሞተሩ ለአፍታ እንኳ ቀጥ ብሎ ከቀረ በመቶ የሚቆጠር እርምጃ ባንድ ትንፋሽ ይጠፋል። ያን ጊዜ ክቡ ሳይዘጋ ይቀራል፣ የካርታው ድንበርም ከቦታው ይሸሻል። እንዲህ በግልጽ የተበላሸው እንኳ አያሳስብም፣ ይጣላል። የሚከፋው ጥቂት ጥቂት እየዘለለ የሚቆርጠው ነው፤ 90 ዲግሪ ተብሎ የተሠራው 89 ሆኖ ይወጣና በዓይን አይለይም። ያንን መለኪያ ወደ ትምህርት ቤት ይዞ መሄድ ማለት ክፍሉን ሙሉ ልጅ የተዛባ ማዕዘን ማስተማር ማለት ነው።

እንግዲህ ሞተር ስንመርጥ «ስንት ጉልበት አለው?» ብሎ መጠየቁ አይበቃም። ጥያቄው «እኛ በምናሽከረክረው ፍጥነት ላይ ስንት ጉልበት ይቀረዋል?» የሚል ነው መሆን ያለበት። የሞተር ሻጮች ማስታወቂያ የሚመልሰው የመጀመሪያውን እንጂ ሁለተኛውን አይደለም።

ወደ ገበያው እንግባ። ሻጮቹ «ኔማ 17» እና «ኔማ 23» ይላሉ። ኔማ በ1926 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ዕቃ አምራቾች ማኅበር ምሕጻረ ስም ነው። ቁጥሩ የሚነግረን የሞተሩን የፊት ገጽ ስፋት ብቻ ነው። 17 ማለት 1.7 ኢንች ሲሆን ሲለካ ወደ 42 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ 23 ማለት 2.3 ኢንች፣ ማለትም ወደ 57 ሚሊ ሜትር ነው። በ17ቱ ላይ የብሎን ቀዳዳዎቹ ርቀት 31፣ በ23ቱ ላይ 47.14 ሚሊ ሜትር ነው። በቃ፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ከረንቱ፣ ስለ ጥራቱ ቁጥሩ አንዲት ቃል አይተነፍስም። የጫማ ቁጥር ስለ ቆዳው ምን ይናገራል? ሁለት ኔማ 17 ሞተሮች ጎን ለጎን ቢቀመጡ የአንዱ ርዝመት 34፣ የሌላው 48 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል፤ ጉልበታቸውም እንደዚያው ይለያያል። ስለዚህ «ኔማ 17 ደካማ ነው» ብሎ በደፈናው መፍረድ ሞተሩን ሳያዩ መናገር ነው።

ከዚያ ቀጥሎ በትልቁ የሚጻፈው የመያዣ ቶርክ ነው። ቶርክ የመጠምዘዝ ኃይል ሲሆን የሚለካው በኒውተን ሜትር ነው። የመያዣ ቶርክ የሚለካው ግን ሞተሩ ሙሉ ከረንት ተሰጥቶት ቀጥ ብሎ ቆሞ ሳለ ነው። ኩንታል ተሸክሞ በር ላይ የቆመን ሰው አይቶ «ይኼ ሰው ኩንታል ተሸክሞ ይሮጣል» ብሎ እንደመደምደም ነው። መቆም ሌላ፣ መሮጥ ሌላ። የስቴፐር ሞተር ጉልበት ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር እየቀነሰ የሚሄድ ነው።

ለምን? ምክንያቱ ያለው በጥቅልል ሽቦው ውስጥ ነው፤ በፊዚክስ ትምህርታችን ኢንዳክታንስ ብለን የተማርነው ነው። ጥቅልል ሽቦ ከረንት ሲገባበት እሺ ብሎ ወዲያው አይቀበልም፤ እንደ እንግዳ ጥቂት ይግደረደራል። ኢንዳክታንሱ ባደገ ቁጥር መግደርደሩ ይረዝማል፤ ቮልቴጁ ባደገ ቁጥር ደግሞ ያጥራል። ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲሄድ ለመግደርደር ጊዜ አለ። ሲፈጥን ግን ከረንቱ ገና ገብቶ ሳይሞላ «ተገልበጥ» የሚለው ትእዛዝ ይደርሳል። ያልሞላ ከረንት ደግሞ ያልሞላ ጉልበት ነው።

በቁጥር እንየው። ማሽናችን በደቂቃ 1200 ሚሊ ሜትር እንድትሄድ ብንፈልግ ይህ በሰከንድ 20 ሚሊ ሜትር ነው፤ ዘንጉ በዙር 4 ሚሊ ሜትር ስለሚገፋ ሞተሩ በሰከንድ አምስት ዙር፣ በደቂቃ 300 ዙር ይዞራል። አምስት ዙር 1000 እርምጃ ነው፣ ስለዚህ ለአንዱ እርምጃ የሚደርሰው አንድ ሺኛ ሰከንድ ነው። እያንዳንዱ ጥቅልል በየሁለት እርምጃው አንድ ጊዜ ስለሚገለበጥ ለመገልበጥና ለመሥራት ያለው ጊዜ በጠቅላላው ሁለት ሺኛ ሰከንድ ነው።

አሁን ሁለት ሞተሮች እናወዳድር፤ ሁለቱም ኔማ 17 ናቸው። የመጀመሪያው 1.7 አምፔር፣ 2.8 ሚሊ ሄንሪ ነው። ሁለተኛው 0.4 አምፔር፣ 37 ሚሊ ሄንሪ ነው፤ ይህ በ12 ቮልት በቀጥታ እንዲሠራ ተብሎ የተጠቀለለው ዓይነት ነው። ሲገለበጥ ከረንቱ ከአንዱ አቅጣጫ ሙሉ ወደ ሌላው ሙሉ ስለሚሄድ ለውጡ እጥፍ ነው፤ ለመጀመሪያው 3.4 አምፔር፣ ለሁለተኛው 0.8 አምፔር። የከረንቱን ለውጥ በኢንዳክታንሱ አባዝተን በቮልቴጁ ብናካፍል ግምቱን እናገኛለን። በ24 ቮልት የመጀመሪያው 0.4 ሺኛ ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ካለው ሁለት ሺኛ አምስተኛው ማለት ነው፣ በቂ ጊዜ ይተርፈዋል። ሁለተኛው በዚሁ 24 ቮልት 1.2 ሺኛ ይፈጅበታል፤ ከግማሽ የሚበልጠው ጊዜ በመግደርደር አለፈ። ሁለተኛውን በ12 ቮልት ብናደርገው ደግሞ ወደ 2.5 ሺኛ ይፈልጋል፤ ያለው ግን ሁለት ብቻ ነው። ከረንቱ መቼም አይሞላለትም። ይህ እንኳ የሽቦውን ሬዚስታንስና ሞተሩ ራሱ ሲዞር የሚያመነጨውን ተቃራኒ ቮልቴጅ ሳንቆጥር ነው፤ እነሱ ሲጨመሩ ነገሩ ከዚህም ይብሳል። ሁለቱ ሞተሮች በመልክ መንታ ናቸው፣ በፍጥነት ላይ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ስለዚህ ከቶርኩ ቁጥር አጠገብ የኢንዳክታንሱን ቁጥር የማይጽፍ ሻጭ ሲያጋጥመን አልፈነው ብንሄድ ነው የሚሻለው።

ለኛስ ስንት ይበቃናል? ባለ 3 ሚሊ ሜትር መቁረጫ ፕላይውድን በስሱ እየላጠ ሲሄድ የሚያስፈልገው ግፊት አነስተኛ ነው፤ እኔ ለጥንቃቄ 50 ኒውተን እይዛለሁ፣ አምስት ኪሎ ግድም የሚመዝን ነገር ማለት ነው። ግፊቱን በዘንጉ የአንድ ዙር ጉዞ፣ በ0.004 ሜትር፣ እናባዛና በ6.28 እናካፍላለን፤ 0.032 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ነገር ግን ተራው ባለጥርስ ዘንግ ከዳዶው ጋር እየተፋተገ ስለሚሠራ ከምንሰጠው ጉልበት ብዙውን ይበላል፤ ሠላሳ በመቶው ብቻ ይደርሳል ብለን ብናስብ 0.11 ኒውተን ሜትር ያስፈልጋል። መቁረጫው ይደነዝዛል፣ ሐዲዱ ላይ ዱቄት ይገባል፣ እንጨቱ ጉጥ አለው፤ ስለዚህ እጥፍ እናድርገውና 0.22 ይሁን። ልብ በሉ፣ ይህ ቆሞ ሳይሆን በ300 ዙር እየተሽከረከረ የሚፈለግ ነው።

አምራቾች የሚያወጡት የቶርክና የፍጥነት ሠንጠረዥ ከተገኘ መልሱ እዚያ ላይ ይነበባል፤ ሠንጠረዡ በስንት ቮልት እንደተለካ ማየት ግን የግድ ነው። ካልተገኘ በዚህ ፍጥነት ከመያዣ ቶርኩ ግማሹ ይቀራል ብሎ ማቀድ ጥሩ ጥንቃቄ ነው፤ ይኸውም ኢንዳክታንሱ ዝቅተኛ፣ ቮልቴጁ ቢያንስ 24 ከሆነ ነው። በዚህ ስሌት 0.4 ኒውተን ሜትር የሚባለው ባለ 40 ሚሊ ሜትር ሞተር 0.2 ይቀረዋል፤ ለጥቂት አነሰ። ባለ 48 ሚሊ ሜትሩ ግን፣ ለምሳሌ 2 አምፔር፣ 1.4 ኦም፣ 3 ሚሊ ሄንሪና 0.59 ኒውተን ሜትር ተብሎ የሚሸጠው፣ ወደ 0.3 ይተርፈዋል። የኔ አስተያየት እንግዲህ ይኸው ነው፦ ለሦስቱም አቅጣጫ እንደዚህ ያለ ኔማ 17 ይበቃናል።

«ታዲያ ኔማ 23 ብንገዛ ምን ቸገረን?» ለሚሉት ባልደረቦቼ ጥቂት ነገር ላንሳ። ረጅሙ ኔማ 23 ሮተሩ ከባድ ነው፤ ለማስነሣትና ለማቆም ራሱ ጉልበት ይበላል። ከረንቱም ሦስትና አራት አምፔር ስለሚጠይቅ ትንሿ ድራይቨር አትችለውም፣ ድራይቨሩም የኃይል ማቅረቢያውም አብረው ማደግ አለባቸው። አንዱ ሞተር በሚንቀሳቀሰው ድልድይ ላይ ስለሚጫን ሌላው ሞተር እሱንም ተሸክሞ ነው የሚሄደው። የኛ ማሽን አካል ደግሞ ቀጭን ነው፤ ሞተሩ ቢጠነክርም አካሉ ይለመጣል፣ የተለመጠ አካል ልክ አይቆርጥም። አንድ ሌላም አለ። ደካማ ሞተር እንጨቱ ውስጥ ሲቀረቀር ይቆማል፣ ጠንካራው ግን መቁረጫውን ሰብሮ ያልፋል። ጣት ቢያገኝም እንደዚያው ነው። ትልቁ ሞተር ቦታው ሌላ ነው፦ አሉሚኒየም የሚቆርጥ፣ በከባድ ብረት የተሠራ፣ በኳስ ላይ የሚሄድ ባለጥርስ ዘንግ ያለው ማሽን። እዚያም ቢሆን 1.2 ኒውተን ሜትር ግድም የሆነው አጭሩ ኔማ 23 ብዙ ጊዜ ከረጅሙ የተሻለ ፈጣን ነው።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የሚያስደነግጠውን ነገር ላንሳ። ከላይ ያልኩት ሞተር 2 አምፔር በ1.4 ኦም ስለሆነ ወረቀቱ ላይ «2.8 ቮልት» ተብሎ ሊጻፍበት ይችላል። እና 24 ቮልት ልንሰጠው ነው? አይቃጠልም ወይ? በቀጥታ ብንሰጠው አዎ፣ ይቃጠላል፤ 24 ሲካፈል ለ1.4 ወደ 17 አምፔር ይሆናል። ድራይቨር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ድራይቨሩ መጀመሪያ 24ቱን ቮልት ሙሉ ይለቅበታል፣ ከረንቱ በፍጥነት ይሮጣል፤ ልክ 2 አምፔር ሲደርስ ይዘጋል፣ ትንሽ ሲቀንስ ይከፍታል፣ እንደገና ይዘጋል። ይህን በሰከንድ በብዙ ሺህ ጊዜ ያደርጋል። ስለዚህ ሞተሩ የሚያገኘው ከረንት ምንጊዜም ልኩን ነው፣ ቮልቴጁ የሚያገለግለው ለማጣደፍ ብቻ ነው። ለቮልቴጁም ቢሆን ወሰን አለው። ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ቀላል ሕግ አለ፦ የኢንዳክታንሱን ስኩዌር ሩት በ32 ማባዛት ነው። ለ4 ሚሊ ሄንሪ 64 ቮልት፣ ለኛ ለ3ቱ ወደ 55 ቮልት ይመጣል። ከዚያ በላይ መውጣት ሞተሩን በከንቱ ማሞቅ ነው። እኛ 24 ላይ ሆነን ከወሰኑ ብዙ ርቀናል፤ 36 ብናገኝ ጥሩ ነበር፣ ግን የግድ አይደለም።

በድራይቨር ምርጫ ብዙ አልቆይም። «ኤ4988» የምትባለው ትንሿ ሰሌዳ እስከ 35 ቮልት ትችላለች፣ ነገር ግን ማቀዝቀዣ ካልተለጠፈባት አንድ አምፔር ግድም ላይ ትደክማለች፤ 2 አምፔር ሞተር ገዝቶ እሷ ላይ ማሰር ግማሹን ገንዘብ መጣል ነው። «ዲአርቪ8825» እስከ 45 ቮልት፣ ያለ ማቀዝቀዣ 1.5 አምፔር ግድም ትሄዳለች። «ቲቢ6600» ተብሎ የተጻፈባቸው ርካሽ ሣጥኖች ብዙ ጊዜ ውስጣቸው ሌላ ቺፕ ነው ያለው፣ የተጻፈውን ሁሉ ማመን አይገባም። «ዲኤም542» ከ20 እስከ 50 ቮልት ይቀበላል፣ ከረንቱም እስከ 4.2 አምፔር ይደርሳል፤ እዚህ ላይ 4.2 የተባለው የሞገዱ ጫፍ እንጂ አማካዩ እንዳልሆነ፣ አማካዩ 3 ግድም እንደሆነ ልብ ማለት ነው። ገንዘብ ከተረፈ ከሞተሩ መጠን ይልቅ ድራይቨሩ ላይ ቢጨመር እመርጣለሁ። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ማሽኑ በርቶ ሳለ የሞተሩን ሽቦ ከድራይቨሩ ማንም እንዳይነቅል። በዚያች ቅጽበት የሚፈጠረው ቮልቴጅ ድራይቨሩን ይገድለዋል።

ድራይቨሮቹ አንዱን እርምጃ ከፋፍለው በ16 ወይም በ32 ንዑስ እርምጃ ማስኬድ ይችላሉ። ይህን አይተው «በ32 ብንከፍለው ማሽናችን የሚሊ ሜትር ሺኛ ትለካለች» የሚሉ አሉ። አይሆንም። ንዑስ እርምጃ ጉዞውን ለስላሳ ያደርገዋል፣ መንቀጥቀጡንና ጩኸቱን ይቀንሳል፤ ለዚህ ብቻ እንኳ መጠቀም ተገቢ ነው። ግን አንዷ የ16ኛ ንዑስ እርምጃ የምትገፋው ከመያዣ ቶርኩ አሥር በመቶ በማይሞላ ኃይል ነው፤ ዳዶው ውስጥ ያለው ፍትጊያ ብቻዋን ሊያስቀራት ይችላል። በተጨማሪ ቁጥጥሩን የምንሠራበት በ2009 እ.ኤ.አ. የተጀመረው «ጂአርቢኤል» የሚባለው ነጻ ፕሮግራም በተራው አርዱይኖ ሰሌዳ ላይ በሰከንድ 30,000 ትእዛዝ ግድም ነው የሚልከው። በ16 ብንከፍል ለአንድ ሚሊ ሜትር 800፣ በሰከንድ 20 ሚሊ ሜትር ስንሄድ 16,000 ትእዛዝ ያስፈልጋል፤ ይበቃል። በ32 ብንከፍል 32,000 ይሆንና ሰሌዳው ይደናበራል። 16 ይበቃናል።

ከአሮጌ ፕሪንተር ስለሚነቀሉት ሞተሮች ደግሞ ሐቁን እንነጋገር። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ በመርፌ እየመታ የሚጽፈው የድሮው ፕሪንተር ውስጥ ደህና ስቴፐር ይገኛል። ግን አዳዲሶቹ ቀለም የሚረጩት ፕሪንተሮች ውስጥ ያለው ብዙ ጊዜ ስቴፐር ሳይሆን ተራ ሞተር ነው። ስቴፐር የሆኑትም ቢሆኑ አንዳንዶቹ በዙር 48 እርምጃ ብቻ ያላቸው የቆርቆሮ ሞተሮች ናቸው፣ ለመቁረጥ አይሆኑም። ሦስት አንድ ዓይነት ማግኘትም ያስቸግራል። ለማስተማሪያነት ግን ወርቅ ናቸው፤ ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ልጆች ኤሌክትሮ ማግኔትን ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ነገር አላየሁም።

የነቀልነው ሞተር አራት ሽቦ ካለውና የትኛው ከየትኛው እንደሚጣመር ካላወቅን መለኪያ እንኳ አያሻንም። ሻፍቱን በጣታችን እናዙረው፤ በቀላሉ ይዞራል። ከዚያ ማንኛቸውንም ሁለት ሽቦዎች ጫፍ ለጫፍ አነካክተን እንደገና እናዙረው። ሻፍቱ ከበድ ካለ ሁለቱ የአንድ ጥቅልል ጫፎች ናቸው፤ ካልከበደ ሌላ እንሞክራለን። ስድስት ሽቦ ካለው ከየጥቅልሉ መካከል የወጣ አንድ አንድ ሽቦ አለ ማለት ነው። ለፍጥነት ከመካከለኛውና ከአንዱ ጫፍ ማሰር ይሻላል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ካሰርነው ኢንዳክታንሱ አራት እጥፍ ያድጋል፣ የዚህን ትርጉም ከላይ አይተነዋል።

ሙቀትን በተመለከተ እንዳንደናገጥ ልጥቀስ። ስቴፐር ሞተር ቆሞም ከረንት ይበላል፤ ስለዚህ እጅ እስከማያስነካ ድረስ ቢሞቅ የተሠራበት ልክ ነው። የሚጎዳው ሞተሩ ሳይሆን የተጣበቀበት ነገር ነው። በ3ዲ ፕሪንተር ከታተመ ተራ ፕላስቲክ ማቀፊያ ብንሠራለት 60 ዲግሪ ሲደርስ ማቀፊያው ይለሰልሳል፣ ሞተሩም ያዘነብላል። ማቀፊያው ከብረት ይሁን።

«ቦታውን መልሶ የሚናገር ሞተር የለም ወይ?» ላሉኝ፦ አለ። እንዲያውም በ1952 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኤም.አይ.ቲ. ለሕዝብ የታየችው በቁጥር የምትታዘዝ የመጀመሪያዋ ሚሊንግ ማሽን የምትሄደው ቦታቸውን መልሰው በሚያሳውቁ ሰርቮዎች ነበር። ዛሬም ከኋላው መቁጠሪያ የተገጠመለት ስቴፐር ይሸጣል፤ ሲንሸራተት ራሱን ያርማል ወይም ማሽኑን ያቆማል። ዋጋው ግን ለኛ ሣጥን አይሆንም፤ በልኩ የተመረጠ ተራ ስቴፐር በመጀመሪያም አይንሸራተትም።

ሞተሮቹ ከተገጠሙ በኋላ ማንኛውም መለኪያ ከመቆረጡ በፊት አንድ ፈተና ማለፍ አለባቸው። በመቁረጫው ቦታ ላይ ሹል እርሳስ እናስርና ጠረጴዛው ላይ ወረቀት እንለጥፋለን። እርሳሱ አንዲት ነጥብ ይንካ፤ ከዚያ ተነሥቶ በሙሉ ፍጥነት ወደ አራቱም ማዕዘን መቶ ጊዜ ይመላለስና ወደዚያችው ነጥብ ተመልሶ ይንካ። ነጥቡ አንድ ከሆነ በፍጥነቱ ላይ አሥር በመቶ ጨምረን እንደገና እናስኪደው፤ ሁለት ነጥብ እስኪታይ ድረስ እንጨምር። ሁለት ነጥብ የታየበት ፍጥነት ወሰናችን ነው፤ እኛ የምንሠራው ከዚያ በግማሽ ነው። ከዚያም እርሳሱን በመቁረጫ ተክተን በቁራጭ ፕላይውድ ላይ እንደግመዋለን፣ ምክንያቱም ባዶ እጁን የሮጠ ሞተር ሸክም ሲያገኝ ምን እንደሚሆን የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።